ያልወጣነው ምሰሶ

የመጀመሪያ ቀኔ የያዝኩት መሣሪያ መዶሻ ብቻ ነበር። ፎርማኑ አያ ታከለ ከመጋዘን አውጥተው ሰጡኝና ከአራዳ ገበያ ጀርባ መንገድ ዳር የቆመ የስልክ ምሰሶ ሥር አቆሙኝ።

"ምታው" አሉኝ።

መታሁት።

"ምን አለህ?"

እንጨት ምን ይለኛል? ወደሚቀጥለው ምሰሶ ወሰዱኝና እንደገና "ምታው" አሉ። እንዲህ እያልን እስከ ምሳ ሰዓት ምሰሶ ስመታ ቆየሁ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየኝ ነበር። የአባቴ ደንበኞች ሳይቀሩ አዩኝ።

ከሰዓት በኋላ አንዱ ምሰሶ የተለየ ድምፅ ሰጠ። ሌሎቹ ሲመቱ ጥርት ብለው ይጮሁ ነበር፤ ይሄኛው ታፈነ። "ይሄ የታመመ ይመስላል" አልኳቸው። አያ ታከለ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉና ካቻቢቴያቸውን ወደ እንጨቱ ገፉት። እስከ እጀታው ገባ።

"አየህ፤ ከላይ ሸጋ ነው። ምሰሶ የሚበሰብሰው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው፣ ላይኛውን እያየህ ትሸወዳለህ። ይህን ሳታጣራ የወጣህ ዕለት እናትህን ታስለቅሳለህ" አሉኝ። ከዚያ ምሰሶው ላይ በቀይ ቀለም መስቀለኛ ምልክት አደረጉ። ቀይ ምልክት ያለበት ላይ ማንም አይወጣም፤ ይነቀላል። የዚያ ዘመን ደንብ ይህ ነበር።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ አራዳ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ወንድሞቼ ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ነው ያደጉት። እኔ ግን ሜትር ይዞ ጨርቅ መለካት አልሆነልኝም። የስልክ ሠራተኛ እንደሚፈለግ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሳይ ተመዘገብኩ። አባቴ ሲሰሙ "ምነው ኑሩ? የነጋዴ ልጅ እንደ ጦጣ እንጨት ላይ ሊንጠለጠል?" አሉ። አንድ ሳምንት አላናገሩኝም። በሁለተኛው ሳምንት የሱቁ ስልክ ሲበላሽ "እስቲ ያንተን ሰዎች ጥራቸው" አሉኝና ታረቅን።

የሥራ ደረጃችን በቅደም ተከተል ነው። ጉልበት ሠራተኛ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሽቦ ይጎትታል። ረዳት መሣሪያ ያቀብላል፣ መሰላል ይይዛል። መስመር ሠራተኛ ምሰሶ ይወጣል። ቴክኒሽያን ብልሽቱ የት እንዳለ ፈልጎ ያገኛል። ፎርማን ሁሉንም ያዛል፣ ለሁሉም ይጠየቃል። እኔ ከጉልበት ሠራተኛ ተነሥቼ ቴክኒሽያን እስክሆን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አልቆጭም። ጉድጓድ ያልቆፈረ ሰው ምሰሶ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚያስፈልገው አያውቅም።

ያኔ ስልክ ያለው ቤት ጥቂት ነው። የትክል ድንጋይ መስመር በነፋስ ሲቆረጥ አያ ታከለና እኔ በእግር ሽቦውን ተከትለን እንሄድ ነበር። ትክል ድንጋይ የእሳቸው አገር ነው፤ በየመንደሩ ዘመድ አላቸው። አንድ ክረምት እንዲሁ መስመሩን ጠግነን፣ ለሙከራ ወደ ሳንጃ ከተማ ደወልን። ስልኩን ያነሣው ሰው "ማነው? ማነው?" እያለ ጮኸ። የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ሲጠብቅ ኖሯል። አያ ታከለ "የጥገና ሰዎች ነን፣ ይሰማል ወይ?" ሲሉት ሰውየው "ይሰማል! ይሰማል! እባካችሁ አትዝጉት!" አለ። አያ ታከለ ስልኩን ዘግተው "ሰው የሚያስፈልገው መስማት ነው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ መስመር የተቆረጠበት ሰው ሲቆጣ አልቀየምም ነበር።

ቆይቶ ኢንተርኔት መጣ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቶችና ፒያሳ ያሉ የኢንተርኔት ሱቆች፣ ከዚያ ቤቶች። በዚያው በስልክ ሽቦ ነው የሚሄደው፤ ጫፉ ላይ ሞደም የምትባል መብራት ያላት ሳጥን አለች። ሥራችን በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ስልክ የተቋረጠበት ሰው ጎረቤት ሄዶ ይደውልና ይመለሳል። ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሰው ግን ሞደሙ ፊት ተቀምጦ መብራቷን ያያል። አረንጓዴዋ ብልጭ ስትል ይነሣል፤ ስትጠፋ ይቀመጣል። እኛ ስንደርስ ቢያንስ አምስት ጊዜ ነቅሎ ሰክቷታል።

የማልረሳቸው አሉ። አንዱ ሞደሙን አቧራ እንዳይነካው ብሎ በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎት ሙቀት ጨረሰው። አንዷ "ኢንተርኔቱ የሚሄደው ባለቤቴ ሲመጣ ነው" አለችን፤ ስንፈትሽ ባልየው ማታ ሲገባ የሚከፍተው የብረት በር ሽቦውን ይረግጠዋል። አንድ ጡረተኛ ደግሞ ስድስት ጊዜ አስጠራን፤ ምንም ብልሽት የለም። በስድስተኛው ጥሪ ይርጋ የሚባለው ጓደኛዬ ቁጭ ብሎ ከሰውየው ጋር ዳማ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ አላስጠራንም።

ይርጋን ላስተዋውቃችሁ። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፤ መስመር ሠራተኛ ነው። በምሰሶ አወጣጥ ከእኛ መካከል የሚስተካከለው አልነበረም። እግሩ ላይ የምሰሶ መውጫውን የብረት ጥርስ አስሮ ሲወጣ ደረጃ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሳቂታ ነው። አዘዞ ነው የሚኖረው፤ በምነግራችሁ ጊዜ ሴት ልጅ ተወልዳለት ሰማንያ ቀኗ ገና አልሞላም ነበር።

በዚያን ጊዜ የጥገናው ሥራ በኮንትራት ለግል ድርጅት ተሰጥቶ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፤ ዛሬ የለም። አያ ታከለ፣ ይርጋ፣ እኔና ሌሎች አምስት ሰዎች ወደዚያ ገባን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፍሥሐ ይባላል። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ፈጣን ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አልጽፍም። ከላይ የሚጠይቀው ሰው ነበረበት፤ ያንን ጭንቀት ወደ ታች ያወርደው ነበር።

አቶ ፍሥሐ አንድ ደንብ አወጣ። አንድ ደንበኛ ለተመሳሳይ ብልሽት ደጋግሞ ካመለከተ፣ የሠራው ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ሦስት ማስጠንቀቂያ ያለበት ይሰናበታል። ብልሽቱ ከምን መጣ የሚል ጥያቄ ደንቡ ውስጥ የለም። ቀይ ቀለሙም ቀረ፤ "ምሰሶ የምንተክለው እኛ አይደለንም፣ እናንተ መስመር ጠግኑ" ተባልን።

የደህንነት ቀበቶ ጉዳይም አለ። ምሰሶ ላይ ሰውን የሚይዘው ቀበቶ ነው። ከድሮ መሥሪያ ቤት ይዘናቸው የመጣናቸው ስፌታቸው የተበላ፣ አንዱማ መቆለፊያው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ነበር። አዲስ ጠየቅን። "ታዟል" ተባለ። ዓመት አለፈ።

አንዲት ደንበኛ ነበረችን፤ ትርሲት ትባላለች። መምህርት ነበረች፤ አባቷ መሪጌታ ሐዲስ ዓይናቸው ሲጠፋ ሥራዋን ትታ ቤት ዋለች። ስንት ደቀ መዝሙር ያስተማሩ የዜማ ሰው ናቸው። እሷ ቤት ተቀምጣ ሁለተኛ ዲግሪዋን በርቀት ትማር ነበር፤ ትምህርቱም ፈተናውም በኢንተርኔት ነው። ያ ኢንተርኔት ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲነሣ ይሄዳል።

አንድ ቀን ቤቷ ስንገባ መሪጌታ ከአልጋቸው ላይ ሆነው "እናንተ ስትመጡ ይመጣል፣ ስትሄዱ ይሄዳል። ይህ ኢንተርኔት የሚሉት እናንተን ወዶ ነው እንዴ?" አሉን። ይርጋ ሳቀ። ትርሲት አልሳቀችም።

"አራተኛ ጊዜያችሁ ነው በዚህ ወር" አለችን። "ባለፈው ጽሑፌን ልልክ ስል ተቋረጠ። ኢንተርኔት ሱቅ እንዳልሄድ አባቴን ለማን ትቼ? ቁርጡን ንገሩኝ፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም?"

ብልሽቱን አገኘነው። ከደጃፏ ያለው ምሰሶ ጫፍ ላይ መስመሮች የሚገናኙባት ሳጥን አለች፤ ዲፒ እንላታለን። ምሰሶው አዘንብሏል። ነፋስ ሲነካው ሽቦው ይሳባል፣ መገናኛው ይላላል፣ ዝናብ ይገባበታል። ይርጋ ወጥቶ ያጠብቀዋል፤ ከሳምንት በኋላ መልሶ ይላላል። ምሰሶውን በመዶሻ መታሁት። ታፈነ። ለትርሲት እውነቱን ነገርኳት፦ "ብልሽቱ ሽቦው አይደለም፣ ምሰሶው ነው። እኛ ሪፖርት እናደርጋለን፤ አንቺም በጽሑፍ አመልክቺ።" እሷም አመለከተች፤ እኔም ለአቶ ፍሥሐ ነገርኩት። በቃል ነው የነገርኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት አቶ ፍሥሐ ለይርጋ ደውሎ "ያቺ ሴት ዛሬም አመልክታለች። ዛሬ ካልተሠራ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያህ ነው" አለው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር አያ ታከለን ጨምሮ ሁላችንም ሰማን። ረጅሙ መሰላል ከሌላው ቡድን ጋር አዘዞ ነበር።

"መሰላሉ እስኪመጣ እንጠብቅ። ምሰሶው ጤነኛ አይደለም" አልኩት ይርጋን።

"ስንት ጊዜ ወጣሁበት። ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለው?" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኑሩ፣ ልጄ ገና ክርስትና አልተነሣችም" አለ።

ያን ጊዜ እጁን ይዤ ማስቀረት ነበረብኝ። አልያዝኩትም። ትርሲት ደጃፍ ስንደርስ በሽቦ የታሰረውን ቀበቶ አደረገና ምሰሶው ላይ ወጣ። እኔ ቤት ውስጥ ሞደሙ ጋ ሆኜ መብራቷን እያየሁ ነበር። አረንጓዴዋ በራች። "መጣ!" ብዬ ጮህኩለት። ወዲያው ከውጭ እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

ምሰሶው ከሥሩ ተሰብሮ ከነሰው የድንጋይ አጥር ላይ ወድቋል። ቀበቶው ተበጥሷል። ይርጋ ንቃት አለው፤ ግራ እግሩ ግን ከጭኑ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ትርሲት በሩጫ ወጥታ ነጠላዋን ቀድዳ ከሁለት እንጨት ጋር እግሩን አሰረችው። ባጃጅ ሰው አያስተኛም። አሸዋ ጭኖ የሚያልፍ አይሱዙ አስቁመን፣ አሸዋው ላይ አስተኝተነው ሆስፒታል ወሰድነው። መንገድ ላይ "በራ ወይ?" አለኝ። "በርቶ ነበር" አልኩት።

በሦስተኛው ቀን አቶ ፍሥሐ ቢሮ አስጠራኝ። የተተየበ ወረቀት አቀረበልኝ። "ሠራተኛው የተሰጠውን የደህንነት ቀበቶ በአግባቡ ባለመጠቀሙ በራሱ ቸልተኝነት የደረሰ አደጋ" ይላል። ከሥሩ የምስክሮች ስም አለ። የእኔ ስም አለ፤ ፊርማ ይቀረዋል።

"ቀበቶ አልተሰጠንም" አልኩት።

"ሁሉም ተረክቧል። ይኸው" አለና ሁለተኛ ወረቀት አወጣ። አዲስ ቀበቶ ለስምንት ሠራተኞች መታደሉን የሚገልጽ የርክክብ ሰነድ ነው። ከሥሩ የፎርማኑ ፊርማ አለ። የአያ ታከለን ፊርማ ከሃያ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ።

"አልፈርምም" ብዬ ወጣሁ።

አያ ታከለን መጋዘኑ በር ላይ አገኘኋቸው። ሽቦ እየጠቀለሉ ነበር። "አያ፣ አዲስ ቀበቶ የት ነው ያለው?" አልኳቸው። ቀና አላሉም።

"ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶታል" አሉ።

"ይርጋ በራሱ ጥፋት ወደቀ ነው የሚባለው። ሕክምናውም ሥራውም ሊቀርበት ነው።"

"ፈራሁ ኑሩ። የፈረምኩት ከአደጋው በፊት ነው፤ 'ቀበቶው መንገድ ላይ ነው፣ ለወረቀት ያህል ነው' ብሎኝ አቶ ፍሥሐ። አሁን ልመልሰው ብል ውሸታም እባላለሁ።" ሽቦውን መጠቅለል ቀጠሉ። ምሰሶ መምታት ያስተማሩኝ እኒህ ሰው ናቸው። ተናድጄባቸው ነበር፤ አዝኜላቸውም ነበር። ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የቀረነው ስድስታችን ተሰበሰብን። ሥራ አናቆምም አልን። መሬት ላይ ያለውን ሁሉ እንሠራለን፦ መንገድ ዳር ያለውን የመስመር ማከፋፈያ ካቢኔት፣ የቤት ውስጥ መስመር፣ ሞደም፣ ቁፋሮ። ምሰሶ ላይ ግን አዲስ ቀበቶ እስኪመጣና ምሰሶው እስኪፈተሽ ድረስ አንወጣም። ይህንኑ ጽፈን ስድስታችንም ፈረምን። አያ ታከለ ከሩቅ ቆመው አዩን፤ አልተጠጉም።

አቶ ፍሥሐ ደብዳቤውን አንብቦ "ይህ አድማ ነው" አለ።

"ሥራ ላይ ነን። ካልወጣህ ሙት የሚል ውል አልፈረምንም" አልኩት።

"ኑሩ፣ ስድስታችሁንም ማባረር አልችልም። አንተን ግን እችላለሁ።"

"ይችላሉ" አልኩት።

ያ የተሰበረው ምሰሶ ስላልተተካ የትርሲት ሰፈር ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ነበር። አቶ ፍሥሐ ዲፒዋን ከጎረቤት ባለው ምሰሶ ላይ እንድንሰቅል አዘዘ። ሄደን መታነው። እሱም ታፈነ። አፈሩን ጫር ሳደርግ እንጨቱ እንደ እርጥብ ዳቦ ተፈረፈረ። አልወጣንም።

ትርሲት ከቤቷ ወጥታ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስገባበት ቀን ከነገ ወዲያ ነው። ካለፈ ዓመቱ ይቃጠላል።

"ኑሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" አለችኝ። "አንድ ሰዓት ቢሠራልኝ ይበቃኛል።"

እውነቱን ልናገር፤ ልወጣ ነበር። የመውጫውን የብረት ጥርስ ከመኪና ለማውረድ እጄን ዘርግቼ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ራሴ፣ በጥንቃቄ። ከዚያ ይርጋም "ስንት ጊዜ ወጣሁበት" ማለቱ ትዝ አለኝ። እኔ ዛሬ ብወጣ ደግሞ አምስቱ ነገ አንወጣም ማለት አይችሉም።

"አልወጣም፤ ይቅርታ" አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። "እንግዲያ የኔ ድካም ከንቱ ነው በላ" አለች።

"ነገ ከሰዓት እኔ እመጣለሁ። ከአባትሽ ጋር እቀመጣለሁ። አንቺ ፒያሳ ሄደሽ ከኢንተርኔት ሱቅ ላኪው።"

አላመነችኝም። በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስመጣ ግን ጫማዋን አድርጋ፣ ፍላሽዋን ይዛ ቆማ ነበር።

መሪጌታ ጋ ተቀመጥኩ። ውኃ ሲፈልጉ ሰጠኋቸው፤ ወገባቸውን ሲያማቸው ደገፍ አድርጌ አገላበጥኳቸው። "ይህ ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ፊደል ነው፣ መሪጌታ።"

"በንባብ ነው በዜማ?"

"በፍጥነት ነው" ስላቸው ሳቁ። ከዚያ "እናንተ ለምን እንደማትወጡ ልጄ ነግራኛለች። ሰውየው እንዴት ነው?" አሉ። እግሩ ውስጥ ብረት እንደገባለት ነገርኳቸው። ከአፋቸው የማልሰማው ጸሎት ደገሙ። የአሱር አዛን ሲሰማ "ልጄ፣ ሰዓትህ ደርሷል። በመስኮቱ በኩል ያለው ወለል ንጹሕ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ተወልውሏል" አሉኝ። እዚያው ሰገድኩ።

ትርሲት አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተመለሰች። ጽሑፉ ገብቷል። የሱቁ መስመርም ሁለቴ ተቋርጦ ሦስተኛው ላይ አለፈላት። ሻርፗን ሳታወልቅ መሳቢያ ከፈተችና አንድ ፋይል አወጣች።

"አባቴ ከልጅነቴ ጀምሮ 'በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል' ይሉኛል" አለችኝ። "ያመለከትኩት ሁሉ እዚህ አለ። ሁሉም ማኅተም አለበት።"

አገላበጥኩት። ከመካከሉ አንዱ እንዲህ ይላል፦ "ከደጃፌ ያለው ምሰሶ ያዘነበለና ከሥሩ የበሰበሰ ስለሆነ ሰው ላይ ከመውደቁ በፊት እንዲነሣ አመለክታለሁ።" የገባው አደጋው ከመድረሱ ከሦስት ወር በፊት ነው። የድርጅቱ መዝገብ ቤት ማኅተምና የአቶ ፍሥሐ "ታይቷል" የሚል ፊርማ አለበት።

የስንብት ደብዳቤዬ በዚያው ሳምንት ደረሰኝ። "ሠራተኞችን ለአድማ በማነሣሣት" ይላል። ሚስቴ አንብባ "እና አሁን?" አለች። "እከሳለሁ" አልኳት። "በደንብ ክሰስ" አለችኝ። ወንድሞቼ ሱቁ ውስጥ ቦታ አለህ አሉኝ። ክሱ እስኪያልቅ ጨርቅ ለካሁ፤ አሁንም አልሆነልኝም።

ጉዳዩ የሥራ ክርክር ችሎት ቀረበ። ዳኛዋ መነጽር የምታደርግ፣ ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። የድርጅቱ ጠበቃ የቀበቶ ርክክብ ሰነዱን አቀረበ። እኔ የትርሲትን ማመልከቻ አቀረብኩ። ትርሲት ራሷ ቀርባ መሰከረች፤ ያን ቀን አባቷ ጋ ሚስቴ ነበረች የተቀመጠችው። ጠበቃው "እርስዎ በኢንተርኔት መቋረጥ የተናደዱ ደንበኛ ነዎት፣ አይደለም?" ብሎ ጠየቃት።

"በጣም የተናደድኩ ደንበኛ ነኝ" አለች። "የተናደድኩት ግን እነሱ ላይ አይደለም።"

ችግሩ የርክክብ ሰነዱ ነው። ወረቀት በወረቀት ነው የሚረታው፤ እኛ ቀበቶ አልመጣም ከማለት ሌላ ማስረጃ የለንም። ዳኛዋ ፎርማኑ እንዲቀርቡ አዘዘች።

አያ ታከለ በቀጠሮው ቀን መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር። እኔን አላዩኝም። ማሉ። ዳኛዋ ሰነዱን አሳየቻቸው።

"ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ቀበቶዎቹን ተረክበው አድለዋል?"

ጠበቃው ብዕሩን አስቀመጠ። አቶ ፍሥሐ ወለሉን ያይ ነበር።

"አልተረከብኩም። ፊርማው የኔ ነው፣ የተጻፈው ግን ውሸት ነው" አሉ።

"ለምን ፈረሙ?"

"ፈርቼ። ያ ልጅ ሲወጣ መከልከል የኔ ሥራ ነበር። እሱንም አልከለከልኩም።"

ከችሎቱ ስንወጣ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው። "ጡረታዎስ?" አልኳቸው። "የመጣው ይምጣ" አሉና እጄን ጨበጡኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። ጡረታቸውን ማንም አልነካባቸውም፤ ያን ሁሉ ፍርሃት ለማይመጣ ነገር ነበር የፈሩት። ግን ያን ጊዜ ይህን አያውቁም ነበር።

ፍርዱ ተሰጠ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተባለ፤ ወደ ሥራ ተመለስኩ። የይርጋ አደጋ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ተብሎ ሕክምናው በድርጅቱ ተሸፈነ። ይርጋ ዳግም ምሰሶ አልወጣም። እግሩ ስላጠረ ያነክሳል። የብልሽት ጥሪ የሚቀበለው እሱ ሆነ፤ የተቆጣ ደንበኛን ማረጋጋት እንደ እሱ የሚችል አልነበረም። ልጁን ከብዙ ወር በኋላ ክርስትና ባነሣ ጊዜ ሁላችንም ተጠራን፤ ለእኔ የእስላም ሥጋ ለብቻ ታርዶልኝ ነበር።

ቀበቶዎቹ ደረሱ። በላስቲክ የታሸጉ፣ ብርቱካንማ ናቸው። ካርቶኑን የከፈቱት አያ ታከለ ናቸው። አንድ በአንድ ስም እየጠሩ ሰጡን፤ እያንዳንዳችንን አስፈረሙን። የሦስት ማስጠንቀቂያ ደንቡም ተሻረ። በምትኩ እያንዳንዱ ተደጋጋሚ ብልሽት ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ ሆነ።

አቶ ፍሥሐ በቦታው ቆየ። ከእሱ ጋር ሌላ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አልተቃቀፍንም፣ አልተጣላንምም። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሁለታችን ብቻ ሆነን "ያን ማመልከቻ 'ታይቷል' ብዬ ስፈርም አላነበብኩትም ነበር" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። ሌላ አልተነጋገርንም።

በትርሲት ሰፈር የኮንክሪት ምሰሶ ተተከለ። ሳጥኗን የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ በአዲሱ ቀበቶ። ስወርድ ትርሲት ከበር ላይ ሆና "በራ!" አለች። ዲግሪዋንም ያዘች። ኢንተርኔቱ ከዚያ በኋላ አልተቋረጠም ብል ግን ውሸት ይሆናል። በሚቀጥለው ክረምት አይጥ ሽቦውን በላው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መንገድ ሲሠራ ኬብሉ ተቆረጠ። በየጊዜው ትደውልልን ነበር፤ እኛም እንሄድ ነበር።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የእኔን ሥራ የያዙ ወጣቶች አንዳንዴ ቤቴ መጥተው ይጠይቁኛል፤ የምነግራቸው ይህን ነው። አደጋ ያለበትን ነገር ስታዩ በጽሑፍ አስገቡ፣ ማኅተም አስደርጉ፣ ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። ያልተረከባችሁትን ተረከብኩ ብላችሁ አትፈርሙ። አንወጣም የምትሉ ከሆነ ለብቻ አትበሉ፤ ተሰብስባችሁ በሉ። ደንበኛው ሲቆጣ ምክንያቱን ደብቃችሁ አትሸኙት፤ እውነቱን ንገሩት፣ የምትችሉትንም አድርጉለት። እኔ ይርጋ እስከወጣበት ዕለት ድረስ በጽሑፍ አላስገባሁም፤ አንወጣም ብለንም አልተሰበሰብንም ነበር።